ናታን ሳሎናችን ሲገባ

የዛሬው ትምህርቴ ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስለምናየው ፊልም፣ አይተንም ስለምንሰጠው አስተያየት ነው። ድሮ ፊልም ለማየት ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም አምባሳደር ድረስ ይኬድ ነበር። ኋላ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተከፈተ፤ ቀጥሎ ካሴትና ሲዲ መከራየት መጣ። ዛሬ በዲሽ፣ በፍላሽ፣ በስልክ የዓለም ፊልም ሁሉ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ሥራ ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ከቅዳሴ መልስም ቡና ላይ የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ያን ፊልም አየሽው?» «አየሁት፤ ይደብራል።» «እኔስ ወድጄዋለሁ፣ መጨረሻው ነው ያልተመቸኝ።» «ሰውዬው ትወና አይችልም።» በአንድ ትንፋሽ ፍርዱ ይሰጣል፣ ወደ ሌላ ወሬ ይታለፋል።

ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ልላችሁ አልተነሣሁም። ልጆች ባሉበት ቤት ፈጽሞ ሊገባ የማይገባው ፊልም አለ፤ በእርሱ አልደራደርም፣ ብዙ መምህራንም ከእኔ በፊት አስተምረዋችኋል። እኔን የሚያሳስበኝ ደጉ ፊልም ነው። አስለቅሶን፣ «እንዴት ያለ ድንቅ ሥራ ነው!» አሰኝቶን፣ በማግስቱ ግን ኑሯችንን ቅንጣት ታህል ሳይነካ የሚያልፈው ፊልም። ለምን እንዲህ ይሆናል?

በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 የተጻፈውን አስቡ። ንጉሥ ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዷል፣ ኦርዮንንም በጦር ሜዳ አስገድሎታል፣ በቤተ መንግሥቱም ተደላድሎ ተቀምጧል። ነቢዩ ናታን ወደ እርሱ ተልኮ ሲመጣ ይዞ የገባው ታሪክ ነበር። በአንዲት ከተማ ሁለት ሰዎች ይኖሩ ነበር አለው፤ አንዱ መንጋው የበዛ ባለጠጋ፣ ሌላው ከአንዲት ጠቦት በቀር ምንም የሌለው ድኻ። ጠቦቷ ከልጆቹ ጋር ያደገች፣ ከእንጀራው የምትቀምስ፣ በዕቅፉ የምትተኛ ነበረች። ለባለጠጋው እንግዳ መጣበትና ከራሱ መንጋ ማረድ ሳሳ፤ የድኻውን ጠቦት ወስዶ አረደ። ዳዊት ይህን ሲሰማ ቁጣው ነደደ። ሰውየው ሞት ይገባዋል አለ፤ አራት እጥፍም እንዲከፍል ፈረደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ዳዊት ጥሩ ተመልካች ነበር። ታሪኩ ገብቶታል፣ ለተበደለው አዝኗል፣ በዳዩን ጠልቷል፣ ዓይኑም ሳያነባ አልቀረም። የቀረችው ነገር አንዲት ብቻ ነበረች፤ ያ ባለጠጋ ራሱ መሆኑን ማወቅ። ናታን ያን ነገረው። እኛ ሶፋ ላይ የምንቀረው ናታን ይህን ከመናገሩ በፊት ባለችው ቅጽበት ውስጥ ነው። ቁጣውም እንባውም ከዳዊት ጋር እኩል አለን፤ ከዚያ ግን ቴሌቪዥኑን እናጠፋለን።

እስቲ አንድ ፊልም እናንሣ። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» የሚባል አለ። ወጣቶቻችን ጥቁርና ነጭ መሆኑን ሲያዩ የሚዘሉት ዓይነት ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሮም ሥራ በፈቱ ሰዎች ተሞልታለች። አንቶኒዮ የተባለ ያገባና የወለደ ሰው ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ የእርሱ ብስክሌት ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ትወስድና በአንሶላው ምትክ ብስክሌቱን ታስለቅቃለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ የእርሷን ጥቅል ተሸክሞ በአንሶላ በተጠቀጠቀ ረጅም መደርደሪያ ላይ ሲወጣ እናያለን። በዚያች ከተማ ስንት ቤተሰብ ያለ አንሶላ እንደሚያድር ማንም በቃል አይነግረንም። መደርደሪያው ይበቃል።

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። አንቶኒዮ ብሩኖ የተባለ ትንሽ ልጁን አስከትሎ ሮምን ሲያስስ ይውላል፤ ገበያውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ተስፋ ሲቆርጥም የጠንቋይዋን ቤት። እኛም አብረነው እንዞራለን፣ አብረነው ሌባውን እንረግማለን። ሌባው ሲገኝ የሚጥል በሽታ ያለበት ጎስቋላ ወጣት ሆኖ ይገኛል። ቤቱ ሲፈተሽ ከድህነት በቀር ምንም የለም፤ እናቱ ትጮኻለች፣ ጎረቤቱ ለልጁ ይቆማል። በዚያን ጊዜ እንኳ ልባችን ለእርሱ አይራራም፤ የእኛ ሰው አንቶኒዮ ነዋ!

ከዚያ በኋላ አንቶኒዮ ስታዲየሙ አካባቢ ጠባቂ የሌለው ብስክሌት ያያል። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሣል። በመጨረሻ ልጁን በትራም ቀድሞ እንዲሄድ አዝዞ ብስክሌቱን ሰርቆ ይሮጣል። ወዲያው ይያዛል። ሰው ከብቦ ያንገላታዋል፣ ይሰድበዋል፣ ባርኔጣው ይወድቃል። ትራሙ ያመለጠው ብሩኖም እያለቀሰ በሰዉ መካከል እየተሹለከለከ ወደ አባቱ ይመጣል። ከአንድ ሰዓት በላይ ስንረግመው የቆየነው ሌባ እነሆ የምንወደው ሰው ሆነ። ዴ ሲካ በዚህች ቅጽበት የናታንን ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው ሌባ ቤት ያኔ ምን ይበላ ነበር? ማንም አልጠየቀም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ የሁለተኛው ብስክሌት ባለቤት ነው። ስሙን አናውቅም። በፊልሙ ውስጥ ያለው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ንብረቱ ነው፣ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተይዟል፣ ምስክሩ ብዙ ነው፣ ሕጉም ከእርሱ ጋር ነው። ዓይኑ ግን ልጁ ላይ ያርፋል፤ አይቶትም ሰውየውን ልቀቁት ይላል። አልሰበከም፣ ይቅርታ አደረግሁልህ ብሎም አልተመጻደቀም። ስለ ፊልሙ ስናወራ «አባትዬው ያሳዝናል» እንላለን፤ ይህን ሰው የሚያነሣው ጥቂት ነው። እኔ ግን ወጣቶች ማንን ልምሰል ብለው ቢጠይቁኝ እርሱን እጠቁማለሁ። እግረ መንገዴንም ልንገራችሁ፤ አንቶኒዮን ሆኖ የሠራው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ አልነበረም። «ትወና አይችልም» ለማለት ስንቸኩል እርሱን እናስታውስ።

ኢራናዊው ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው «የሰማይ ልጆች»ም ከዚሁ ወገን ነው። ዓሊ የእኅቱን የዛህራን ጫማ አስጠግኖ ሲመለስ ይጠፋበታል። ወላጆቻቸው ድኾች ናቸውና ሳይነግሩ አንድ ጥንድ ጫማ ለሁለት ይጫማሉ፤ እርሷ ጠዋት፣ እርሱ ከሰዓት። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የዓሊን ሩጫ ነው። እኔ የምላችሁ ሌላውን ነው። ዛህራ አንድ ቀን ጫማዋን በሌላ ልጅ እግር ላይ ታየዋለች። ልጅቱን ተከትላ ቤቷን ታውቃለች፤ ወንድሟንም ይዛ ንብረቷን ልታስመልስ ትሄዳለች። እዚያ ሲደርሱ የልጅቱ አባት ዓይነ ስውር መሆኑን ያያሉ። ተያይተው፣ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይመለሳሉ። እነዚህ ሕፃናት እውነቱ የእነርሱ ነበር። መብታችን ነው ብለን በወንድማችን ላይ ክስ የመሠረትን፣ ስለ አንድ ክንድ ድንበር ዓመታት ፍርድ ቤት የተመላለስን፣ በውርስ ቤት የተነሣ እናታችን ተዝካር ላይ ሳንነጋገር የተለያየን ሰዎች ይህን አይተን ምን አልን? «ልጆቹ ሲያምሩ!» አልን።

ሲድኒ ሉሜት እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራውን «12 ቁጡ ሰዎች»ም ያየ ይኖራል። 12 ሰዎች በአንድ ክፍል ተዘግተው፣ በሙቀት እየተቃጠሉ፣ አባቱን ገድሏል ተብሎ በተከሰሰ የ18 ዓመት ልጅ ላይ ሊፈርዱ ተቀምጠዋል። በመጀመሪያው ድምፅ 11ዱ ጥፋተኛ ነው ይላሉ። አንዱ የቤዝቦል ትኬት ኪሱ ውስጥ ስላለ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል፤ የሰው ሕይወት ከጨዋታ ሰዓት ጋር ተመዘነ! «ጥፋተኛ ነው» በማለት እስከ መጨረሻው የሚጸናው ደግሞ ከገዛ ልጁ ጋር የተጣላ አባት ነው። የልጁን ፎቶ ቀድዶ ሲያለቅስ፣ ያን ሁሉ ሰዓት ሲፈርድ የቆየው በገዛ ልጁ ላይ እንደነበረ ይታወቃል። በሰው ላይ የምንሰጠው ፍርድ ስንት ጊዜ ይሆን የሌላ ቁስል መወጫ የሆነው?

አሁን ወደ ገዛ ቤታችን ልምጣ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን «ድፍረት»ን ብዙዎቻችን አይተነዋል። በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰ እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ተከሰሰች። የሕግ ባለሙያዋ መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆሙላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የወንጀል ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው ነበር፤ ያ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ ነው። ፊልሙን ስናይ ጠላፊዎቹን እንረግማለን፤ ዛፍ ሥር ተቀምጠው በልጅቱ ላይ የሚፈርዱትን ሽማግሌዎች እንወቅሳለን። ደግ እናደርጋለን።

በፊልሙ ውስጥ ሂሩት የምትባለው ልጅ የ14 ዓመት ልጅ ናት። ፊልሙን በምናይበት ሳሎን በር ላይ ተደግፋ፣ ጀበናው እንዳይገነፍል አንድ ዓይኗን ወደ ማዕድ ቤት አድርጋ፣ በሌላው ስክሪኑን የምትሰርቅ ልጅ በስንቱ ቤት አለች? ከገጠር በዘመድ፣ በደላላ፣ «እናስተምራታለን» ተብሎ የመጣች። ዕድሜዋን የጠየቃት አለ? ደመወዟ የሚሰጠው ለእርሷ ነው ወይስ ላመጣት ሰው? ማታ ትማራለች? ስትታመም የምትተኛው የት ነው? ለሂሩት እያለቀስን «አንቺ፣ ውሃ አምጪ!» ብለን እንጣራለን። በኢራን ለጠፋ ጫማ ዓይናችን እንባ ያቀርራል፤ የእርሷ ጫማ ግን የእኛ ልጅ የጣለው አሮጌ ነው። ወገኖቼ፣ የድኻው ጠቦት በር ላይ ቆማለች። ናታን ገብቶ ከፊታችን ተናግሯል፣ እኛ ግን ስለ አነጋገሩ አስተያየት እየሰጠን ነው።

ዳዊት ከእኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ነቢዩ ሲገልጥለት ታሪኩ ረዘመ፣ አጨራረሱ ከበደ አላለም። ያኔውኑ በደለኛነቱን አመነ። በየጸሎታችን የምንደግመው መዝሙር 50 ከዚያች ሰዓት የወጣ ነው። የንጉሥ ልብ እንዲህ ለአንድ አጭር ታሪክ ከተሰበረ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያየነው ታሪክ የእኛን ልብ ለምን አይከፍተውም?

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ፊልም ስትከፍቱ ሳሎን ውስጥ አንድ ወንበር ጨምሩ። ልጅቱን በስሟ ጠርታችሁ አስቀምጧት፤ ቡናውን ያን ቀን ሌላ ያፍላው። ሲያልቅ ልጆቻችሁን «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትተዉ፤ «እኛ በዚህ ውስጥ ማንን እንመስላለን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ልጆች ይናገራሉ፤ ቢያሳፍራችሁም አታቋርጧቸው። ሰኞ ጠዋት በሰፈራችሁ ያለው የማታ ትምህርት ቤት የሚመዘግበው መቼ እንደሆነ ሄዳችሁ ጠይቁላት። ያልከፈላችኋት ወር ካለ ደግሞ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት በእጇ ስጧት።