«አላየሁም» የሚል ካሜራ

«ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም» የምትለዋን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ኳስ ቤት ውስጥ ትባላለች፣ በሬዲዮ ትባላለች፣ የፌዴሬሽን መግለጫማ ያለ እሷ አይከፈትም። እኔ ግን አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ባለሥልጣን ዋንጫ ሊሸልም ሜዳ ሲገባ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ መዝሙር ሲዘመር ይቺን አባባል የሚያነሳት ሰው የለም። የምትነሳው ላብ ያጠመቀው አንድ ሯጭ ወይም ተጫዋች ያልተፈቀደለትን ነገር ሲያደርግ ብቻ ነው።

ለነገሩ እኛ ኢትዮጵያውያን ይቺን አባባል ለማመን ከማንም በላይ መቸገር ነበረብን። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራቸው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ኳሱም የእነሱ ነውና።) በ1976 የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ መሄዱን ተቃውመው ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ከቀሩት የአፍሪካ አገሮች አንዷ ነበርን። በ1984 ከሶሻሊስቱ ጎራ ጋር አብረን ሎስ አንጀለስን ተውን። በ1988 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆመን ሶልን ተውን። የመጀመሪያውን ዛሬም አልቃወመውም፤ ምሩፅ ይፍጠርን ያህል ሰው ቢያስከፍለንም ምክንያቱ ምክንያት ነበር። የሶሉን ሳስበው ግን ያመኛል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ በላይነህ ዴንሳሞ ሮተርዳም ላይ 2:06:50 ገብቶ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ነበር። ያ ሰዓት 10 ዓመት ሙሉ የደፈረው አልተገኘም። ባለ ክብረ ወሰኑ ግን ከወራት በኋላ ሶል ላይ መነሻው መስመር ላይ አልነበረም። እንግዲህ ይህን ያሳለፈ ሕዝብ ፊት ቆሞ «አይገናኙም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ይገናኛሉ። ይህን እንለፈው። እኔን የሚያብሰለስለኝ ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሲገናኙ ካሜራ የያዘውና ማይክራፎን የጨበጠው ሰው ለእኛ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው?

ነሐሴ 2016፣ ሪዮ። ፈይሳ ሌሊሳ ከኬንያዊው ኪፕቾጌ ቀጥሎ በ2:09:54 ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ ነበር። በኦሮሚያ በተነሳው ተቃውሞ ለሚገደሉትና ለሚታሰሩት መሆኑን ወዲያው ለጋዜጠኞች ተናገረ። የመንግሥቱ ቴሌቪዥን ውድድሩን እስከ መጨረሻው በቀጥታ አስተላልፎታል። ከዚያ በኋላ በቀረቡት የዜና ሰዓቶች ግን ያቺን አገባብ ደግሞ አላሳያትም። ልብ በሉ፤ በዚያ ኦሎምፒክ ያገኘነው ሜዳልያ በጠቅላላው 8 ነው። ከሁለቱ ብሮች አንዱ የዚህ ሰው ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ያቺ አገባብ እስክትሰለቸን ድረስ ትደጋገም ነበር።

አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች አስቡ። አንዱ በቀጥታ ተመልክቷል፣ ሌላው ማታ ዜና ብቻ ነው ያየው። ያየው ሰው የማታውን ዜና ሲሰማ ምን ይሰማዋል? ፖለቲካው አይደለም መጀመሪያ የሚቆጠቁጠው። «እኔ ዓይን የለኝም እንዴ?» ነው የሚለው። ፈይሳን የሚቃወመውም ሰው ቢሆን ያንኑ ይላል። ያ ዝምታ የሰደበው ተቃዋሚን ወይም ደጋፊን ለይቶ አይደለም፤ ዓይን ያለውን ሁሉ ነው። ደግሞስ ምን ተረፈ? ምስሉ ከስልክ ስልክ እየዞረ በጥቂት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው ጠፋ። ሰውየውም በጥቅምት 2018፣ ነገሩ ሲለወጥ፣ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ቦሌ ላይም በክብር ተቀበሉት።

እዚህ ላይ ጨዋታ አስተላላፊው የፈይሳን ሐሳብ ይደግፍ ነበር ወይ የሚለው ለእኔ ቁም ነገር አይደለም። «ፈይሳ እጆቹን አጣምሮ ገባ» ማለት አራት ቃል ነው። ይህ አስተያየት አይደለም። «በግራ እግሩ መታት» ከማለት አይለይም። ሰውየው ያየውን ተናገረ፣ በቃ። ስለ ትርጉሙ ማታ ሌላው ይከራከር።

አንድ ወዳጄ ግን በዚህ አይስማማም። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ቤት ካልገባ ሳምንቱ የተዘጋ የማይመስለው ሰው ነው። «ሳምንቱን ሙሉ ኑሮው፣ ዜናው፣ ስብሰባው ሲያናዝዘኝ ይከርማል» ይላል። «እዚህ ከፍዬ የምገባው ለ90 ደቂቃ ላመልጥ ነው። እዚህም ተከትለውኝ ከመጡ ወዴት ልግባ?»

ይህን ክርክር አቃልሎ የሚያልፍ ሰው ኳስ ቤት ገብቶ አያውቅም። አግዳሚ ላይ ተጣበው ከተቀመጡት ውስጥ የቤት ኪራይ የጨመረበት አለ፣ ወንድሙ የጠፋበት አለ፣ ሥራ ያጣ አለ። ጎል ሲገባ ከማያውቀው ሰው ጋር ይተቃቀፋል። ያ ማምለጫ ለሰው ልጅ ያስፈልገዋል። ደግሞ በኮርና ምትና በእጅ ውርወራ መካከል ስብከት የሚጀምር አስተላላፊ እኔንም ያናድደኛል። ለኳስ የከፈልኩትን ብር ለራሱ ጉባኤ እያዋለው ነውና። ስለዚህ ለወዳጄ ግማሹን እፈቅድለታለሁ።

ቀሪውን ግማሽ ግን አልፈቅድም። ምክንያቱም እሱ ለማምለጥ የጠየቀውን ፈቃድ ሌላ ሰው ነው በስሙ የሚገለገልበት። «ሕዝቡ ኳሱን ብቻ ነው የሚፈልገው» እያለ ምስሉን የሚቆርጠው ሰው የወዳጄን ዕረፍት አስቦ እንዳይመስላችሁ።

በታኅሣሥ 2019 መሱት ኦዚል፣ ያኔ የአርሰናል ተጫዋች፣ በቻይና ስላሉት የኡይጉር ሙስሊሞች በማኅበራዊ ገጹ ጻፈ። የቻይናው ማዕከላዊ ቴሌቪዥን በዚያው ሳምንት መጨረሻ የአርሰናልንና የማንቸስተር ሲቲን ጨዋታ ከፕሮግራሙ አውጥቶ በቦታው የቶተንሃምንና የወልቭስን ጨዋታ አሳየ። ክለቡም ሁልጊዜ ከፖለቲካ የራቀ መሆኑን አስታውቆ ከተጫዋቹ ንግግር ራሱን አራቀ። መልካም። በሰኔ 2020 ግን በዚያው ሊግ የአርሰናልም ተጫዋቾች ሳይቀሩ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት በጉልበታቸው ይንበረከኩ ጀመር፤ ማንም «ከፖለቲካ የራቅን ነን» አላለም። በመጋቢት 2022 ደግሞ ሊጉ በየስታዲየሙ ለዩክሬን አጋርነቱን ሲገልጽ፣ ቻይና ውስጥ የዚያን ሳምንት ጨዋታዎች ሳይታዩ ቀሩ። መንበርከኩም ለዩክሬን መቆሙም ያስከፋኛል እያልኩ አይደለም። ግን ሦስቱን አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው መርሁ የት እንዳለ ፈልጋችሁ ታጡታላችሁ። የምታገኙት ሒሳብ ነው።

የእንግሊዙ ቢቢሲም ከዚህ አላመለጠም። በመጋቢት 2023 ጋሪ ሊኒከር መንግሥት በጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ያወጣውን ዕቅድ የገለጸበትን ቋንቋ ከ1930ዎቹ ጀርመን ቋንቋ ጋር አመሳስሎ በራሱ ገጽ ጻፈ። ከ«ማች ኦፍ ዘ ዴይ» አቅራቢነቱ ለጊዜው አነሱት። ባልደረቦቹ እነ ኢያን ራይትና አላን ሺረር «እሱ ከሌለ እኛም የለንም» አሉ። ፕሮግራሙ ያለ አቅራቢ፣ ያለ ተንታኝ፣ ያለ አስተላላፊ ድምፅ 20 ደቂቃ ብቻ ቀረበ። የሚያስቀው ነገር፣ ከቀደመው ሳምንት የበለጠ ሰው ነው የተመለከተው! የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰውየው ከማይክራፎኑ ፊት ምንም አላለም፤ ያለው በራሱ ሰዓት በራሱ ገጽ ነው። የጎል መረጃ አላጣመመም። አፉን ሙሉ ሳምንት የገዛ ቀጣሪ ግን የገዛው ኮሜንታተር ሳይሆን ሰው ነው።

እስካሁን ያወራነው ግን ስለ ትናንቱ ቴሌቪዥን ነው፤ የመንግሥት ቴሌቪዥን ስለሚቆርጠውና አሠሪ ስለሚቀጣው። የሚመጣው ለየት ያለ ነው። አስቀድሞ ጣቢያው ከሜዳው ውጭ ያለ ሌላ ሰው ነበር፤ ገብቶ ያያል፣ ይነግረናል። አሁን ምስሉን የሚያነሳው ራሱ የውድድሩ ባለቤት እየሆነ ነው። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2001 የራሱን የቀረጻ ድርጅት አቋቁሟል፤ ዛሬ እዚህም ቶኪዮም የምናየው የኦሎምፒክ ዋና ምስል ከዚያ የሚወጣ ነው። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ፉትቦል ሊግ ኤን ኤፍ ኤል፣ ስለ እሱ ዋነኛ ዘጋቢ ከሆነው ከኢኤስፒኤን 10 በመቶ ድርሻ ለመውሰድ ተስማማ። ዳኛው ተጫዋች ሲሆን እንጮኻለን፤ ይህኛው ሲሆን ግን «ቢዝነስ ነው» ብለን እናልፋለን።

አደጋው ምን እንደሚመስል ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአውሮፓ ዋንጫ 2012 ጀርመንና ኔዘርላንድስ ካርኪቭ ላይ ሲጫወቱ፣ የጀርመኑ አሠልጣኝ ዮአኪም ሎቭ ከአንዱ ኳስ አቀባይ ልጅ ብብት ሥር ኳስ መትቶ ሲያስጥልና ሲቀልድ በመጀመሪያው አጋማሽ ታየ። ተመልካቹ «በዚህ ጭንቅ መሀል እንዴት ዘና ብሏል!» አለ። ለካስ ምስሉ የተቀረጸው ጨዋታው ሳይጀመር ነው፤ የዩኤፋ አዘጋጆች በቀጥታው ስርጭት መሀል ሸጉጠውት ኖሯል። የጀርመን ጣቢያዎች ተቆጥተው አቤቱታ አቀረቡ። ነገሩ ቀልድ ነው፣ ማንም አልተጎዳበትም። ነገር ግን ቀልድ መሸጎጥ የቻለ እጅ ሌላውን ማውጣትም ይችላል። ሜዳ ውስጥ ሰው ዘሎ ሲገባ ካሜራው ወደ ሰማይ ወይም ወደ አሠልጣኙ ሲዞር ሁላችንም አይተናል። አሁን ስቱዲዮ ተቀምጦ በአማርኛ የሚያስተላልፍልን ልጅም የሚያየው እኛ የምናየውን ያንኑ ስክሪን ነው። ያልታየውን ከየት አምጥቶ ይናገር?

በ1987 አዲስ አበባ ላይ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፈን ስንወስድ ብዙ ሰው ጨዋታውን የያዘው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነው። ዛሬም ጨዋታውን የሚያስታውስ ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ድምፁን ነው። ያ ድምፅ የሚታመነው ባለቤቱ ስታዲየሙ ውስጥ በመኖሩ ነበር።

ወደፊትስ? በፓሪስ ኦሎምፒክ 2024 የአሜሪካው ኤንቢሲ በኢንተርኔት መድረኩ ላይ የታዋቂውን የስፖርት አስተላላፊ የአል ማይክልስን ድምፅ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ገልብጦ ለየተመልካቹ እንደ ፍላጎቱ የተሰናዳ የቀኑን ማጠቃለያ አቅርቧል። ሰውየው ፈቅዶ ነው፣ ድምፁም ድምፁን ይመስላል። ወዳጄ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ «የምፈልገውን ብቻ ይነግረኛል ማለት ነው» አለኝ። አዎ፣ ማለት ነው። አይደክመውም፣ ስም አይሳሳትም፣ የራሱ ገጽ ኖሮት ምንም አይጽፍም፣ ከሥራ ልባረር ብሎም አይሰጋም። ሪዮ ላይ እሱ ቢሆን ኖሮ የፈይሳን ሰዓት ከነሰከንዱ ይነግረን ነበር። ስለ እጆቹ ግን የሚወስነው መመሪያውን የሚጽፍለት ሰው ነው፤ የዚያን ሰው ስም ደግሞ ከስክሪኑ ግርጌ አናገኘውም።