ዘይቱን ገዝቼ ላስቀምጠው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን ከወጣቶች መርሐ ግብር በኋላ አንድ ወንድም ሊያናግረኝ ቆየ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል፤ ደሴ ያሉትን እናቱን ይረዳል።

«መምህር፣ ባንክ ያለችኝ ገንዘብ እየቀለጠች ነው። ጓደኞቼ ‹አዋጥተን ዘይት እንግዛ፤ ዋጋው እስኪወጣ እናስቀምጠው› ይላሉ። ኃጢአት ነው?» አለኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር?

«አትጨነቅ፣ ጌታ ያውቃል» ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር። ጭንቀቱ ግን እውነተኛ ነው። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። 10,000 ብር በዓመቱ 10,700 ይሆናል። የዕቃ ዋጋ በዚያው ዓመት 20 በመቶ ቢጨምር ግን በ10,000 ይገዛ የነበረው 12,000 ይጠይቃል። ማንም ሳይሰርቀው 1,300 ብር ጎደለው ማለት ነው። ይህን ጉድለት ለመሙላት ማሰብ እምነት ማጣት አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ታካችን ወደ ገብረ ጉንዳን የሚልከው ለነገ ማሰብን እንዲማር ነው።

ጥያቄው ግን በምን መንገድ የሚለው ነው። የተቀመጠው ዘይት የሚያተርፈው ከገበያ ስለ ጠፋ ነው። ትርፉም የሚወጣው ሰኞ ገበያ ግማሽ ሊትር ፈልጋ ከምትንከራተት እናት መቀነት ነው። ምሳሌ 11፥26 እህል የሚደብቀውን ሰው በበጎ አያነሣውም።

«ዮሴፍስ አከማችቶ የለም?» ትሉ ይሆናል። አዎን፤ ግን ያከማቸው በጥጋብ ዘመን፣ እህል በተረፈበት ጊዜ ነው፤ ረሀብ ሲመጣ ጎተራውን ከፈተ። እኛ እጥረት ሲመጣ ገዝተን ከዘጋን፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል።

ለወሎ ልጅ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1965ቱን የወሎ ረሀብ መርምረዋል። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል በደሴ አልፎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ ይጫን ነበር። የገጠሩ ሰው ግን መግዣ አጣ። የቁጠባ ደብተሩ ከብቱ ነበር፤ ከብቱ ሲያልቅ ቁጠባውም አለቀ። ገበያ የሚያየው ገንዘብ ያለውን ነው፤ የራበውን ማየት ለእኛ የተተወ ሥራ ነው።

ታዲያ ወንድማችን ምን ያድርግ? ለቤታቸው የሚበቃውን እህል በጥር፣ አዝመራው ገበያ ሲሞላ ይግዛ። ከገንዘቡ ከፊሉን ሙያ ይማርበት፤ ወይም የሥራ መሣሪያ ይግዛበት። መክብብ 11፥2 እንደሚመክረው ያለውን ሁሉ አንድ ቦታ አያስቀምጥ። ዛሬ ደግሞ በጥር 2017 የተከፈተ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ አለን። አክሲዮን መግዛት መልካም ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ይወጣል፣ ይወርዳልም። ለእናቱ መድኃኒት የሚያስፈልገውን ብር እዚያ ያስገባ ሰው፣ ዋጋው በወደቀ ቀን ተገድዶ ይሸጣል። ለዓመታት የማይነካውን ብቻ ያስገባ።

ይህ ሁሉ የጎደለውን 1,300 ብር ላይሞላለት ይችላል። እሱም ገብቶታል። «ጓደኞቼ ቢያተርፉስ?» አለኝ።

«ሊያተርፉ ይችላሉ» አልሁት። ትክክል የሠራ ሁሉ በገንዘብም ያተርፋል ብዬ ልዋሸው አልፈለግሁም። «አንተ ግን እናትህ ዘይት አጥተው ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ፣ ከደበቁባቸው ሰዎች አንዱ አትሆንም።»