ፈገግታስ ከሂሳቡ ውስጥ ነው?

እህቶቼ፣ የኛ ሰው ባንኮክ ሲባል የሚመጣለት ወይ ሕክምና ወይ ንግድ ነው። እኔ የሄድኩት ከማዳም ቤተሰብ ጋር ልጆች ልይዝ ነው። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ግን የቱሪስት ነው፤ ይሄ ራሱ ያስቃል። የሆነ ሆኖ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እረፍት ሰጡኝና በራሴ ገንዘብ የእውነት ቱሪስት ሆንኩ።

ከተማዋ ታፈዝዛለች። ቻኦ ፕራያ በሚባለው ወንዝ ሰው በጀልባ ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ባቡሩ ከመንገዱ በላይ ያልፋል፣ ከታች በየጥጉ ምግብ ይጠበሳል። እ.ኤ.አ. በ1782 የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለውጭ ሰው 500 ባት ነው፣ ለአገሬው በነፃ። ትከሻና ጉልበት ሳይሸፈን አይገባም፣ ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማ ይወልቃል። ነጠላ ለለመደች ሴት ይሄ አዲስ አይደለም።

ልጽፍ የፈለግኩት ግን ስለ እግር ማሳጅ ነው። እዚያው አጠገብ ዋት ፖ የሚባል፣ 46 ሜትር የተጋደመ ቡድሃ ያለበት ቤተ መቅደስ አለ። ማሳጅ የሚማሩበትም ቦታ ነው፤ የሰውነት መስመሮች የተሳሉባቸው የ1830ዎቹ ድንጋዮች ግድግዳው ላይ አሉ። ሙያ ነው ማለት ነው። እኔ በአንዲት ትንሽ ቤት 300 ባት ከፍዬ ተቀመጥኩ። ሴትየዋ መጀመሪያ ውሃ በሳፋ አምጥታ እግሬን አጠበችኝ። ደነገጥኩ። በኛ አገር እግሩ የሚታጠብለት እንግዳ ነው፤ በጸሎተ ሐሙስም ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል። እነሱ ጋ ደግሞ እግር ከሰውነት ሁሉ ዝቅ ያለው ነው፣ ወደ ሰው ማዞሩ እንኳ ነውር ነው። እሷ ግን ዝም ብላ ሥራዋን ሠራች። አልሳቀችም።

ማታ ለማዳም ስነግራት "ካልሳቀች ቲፕ አይሰጣትም" አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ በስልክ "አንቺም ማዳም ሆንሽ!" ብላ ሳቀችብኝ። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም።

መገልገል ኃጢአት አይደለም። ሁላችንም ብንቀር የሴትየዋ እንጀራ ነው የሚቀረው። ባንኮክ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠሩ ብዙ ሴቶች ኢሳን ከሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ገጠር የመጡ ናቸው። እሷ ከየት እንደሆነች አልጠየቅኋትም። እኛን ስንቴ ነው "ባል አለሽ? ልጅሽን ማን ያዘልሽ?" የሚሉን፣ ቡናው እስኪፈላ ጊዜ ማሳለፊያ!

የማዳም ነገር ይከብዳል። 300 ባቱ የእጇ ነው፣ የአንድ ሰዓቷ ነው፣ የሙያዋ ነው። ፊቷን ማን ሸጠው? 50 ባት ቲፕ የሰጠሁት ጣቶቿ የደከመ እግሬን ስላዳኑኝ ነው። እናትሽ ታመመች ተብሎ የተደወለልሽ ቀን "ምነው ፊትሽ ጠቆረ፣ ሳቂ እንጂ" ተብለሽ አታውቂም? ሳህኑ ታጥቧል፣ ወለሉ ተወልውሏል፣ ምን ጎደለ? የጎደለው፣ ጥሩ ሰዎች መሆናቸውን ከፊታችን ላይ ማንበብ ነው። ታይላንድን "የፈገግታ አገር" እያለ የሚሄደው ቱሪስትም የሚፈልገው ይሄንኑ ይመስለኛል። ጥሩ ሰው መሆኑን አገልጋይዋ እንድትመሰክርለት።

አንዳንዶቻችሁ "እኔ ግን ከልቤ ነው የምስቀው" ትላላችሁ። አምናለሁ። ግን ከልብ መሆኑ የሚታወቀው ባትስቂ ምንም የማይደርስብሽ ሲሆን ነው። በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጻፉ፣ በተለይ የሰው ልጅ የምታሳድጉ። ትንሿ ልጅ ጠዋት አልጋዋ ላይ እጇን ስትዘረጋልኝ የምስቀውን ሳቅ ከየትኛው እንደምቆጥረው እኔ አላወቅኩም።