የሩቁ ሰው ዕዳ

ሰው ባልረገጠው ምድር ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ሲነሣ ብዙዎች «ያላየነውን እንዴት እናጠፋለን?» በማለት ራሳቸውን ነጻ ያወጣሉ። ይሁን እንጂ የዘመኑ ኑሮ ይህን መከላከያ ከሰው እጅ ነጥቆታል።

በዓለም ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው አንታርክቲካ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ ከሞላ ጎደል ሁለንተናው በበረዶ የተሸፈነ አህጉር ነው። ነባር ነዋሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. 12 መንግሥታት የፈረሙት ውል ምድሪቱን ለሰላማዊ ዓላማ ብቻ አዋላት፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. በማድሪድ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ማዕድን ማውጣትን ከለከለ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ዓ.ም. የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ከአህጉሩ በላይ ያለው የኦዞን ሽፋን ክፉኛ መሳሳቱን ሲያስታውቁ፣ ጥፋተኛው በሥፍራው አልነበረም። ጉዳቱን ያደረሰው በሩቅ ከተሞች ከማቀዝቀዣዎችና ከሚረጩ ሽቶዎች የወጣ ጋዝ ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የባዕድ አገር ወሬ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን በካፋ ዞን፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም በማይርቀው በማንኪራ ጫካ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ትውፊት የቡና መገኛ ናት በሚላት በዚህች ሥፍራ፣ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የካፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። የዚህ ዓይነቱ ሀብት ጥቅም ለዓይን ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ ሲከሠት፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን መርጠው ያወጡት ከደቡብ ምዕራቡ የቡና ሀብት ነበር።

አንታርክቲካን «አትግቡ» ብሎ መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ ማንኪራን ግን አይቻልም። የካፋ ገበሬ ከጫካው ማር ይቆርጣል፣ ቡና ይለቅማል፣ ኮረሪማ ይሰበስባል። ኮቦ የተባለው ነባር ልማድም የትኛው የጫካ ክፍል በማን እጅ እንደሚሆን የሚወስን ነበር። ደግሞም ጫካውን የሚጎዳው ምሳር ብቻ አይደለም። ምርት ለመጨመር ሲባል ሥር ሥሩ ሲመነጠር፣ ነገ ጥላ የሚሆኑት ችግኞች አብረው ይወገዳሉ። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ሳለ ደኑ ተተኪ ያጣል።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው። በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ አገር ተነሥቶ በያኔው ከፋ ክፍለ ሀገር እንዲሰፍር የተደረገውም መንጥሮ ያረሰው ለእንጀራው ነው። ከባዱ ነገር ሒሳቡን መመልከት ነው። ገበሬው ጥላውን ቆርጦ ብዙ ቢያመርት ገቢው የራሱ ይሆናል፤ ጥላውን ቢጠብቅ ግን ጥቅሙ ለዓለም ሲዳረስ ድካሙ በእርሱ ጫንቃ ላይ ብቻ ይቀራል። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ሩቁ ሰው ለራሱ የቆረሰው የሌላውን ድርሻ ነው።

«ሁሉም ተጠያቂ ከሆነ ማንም አይጠየቅም» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሆኖም ታሪክ መልስ ሰጥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ዓ.ም. በሞንትሪያል መንግሥታት ጎጂውን ጋዝ ለመቀነስ ሲስማሙ፣ የበደሉን መጠን ለይተው ተነጋገሩ፤ በ1990 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደግሞ አቅም ያነሳቸው አገሮች ወጪ የሚሸፈንበት ገንዘብ እንዲቋቋም ወሰኑ። የኦዞኑ ሽፋንም የማገገም ምልክት አሳየ። ዕዳው የጋራ ቢሆንም እንደየድርሻው ሊከፈል ቻለ ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ኃላፊነት የሚለካው በቅርበት ሳይሆን በተጠቃሚነት መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠጣው ሰው፣ ባሕር ማዶም ሆኖ የሚጠጣው፣ ከማንኪራ ጥላ ተካፋይ ነው። መምህሩ ይህን ለተማሪው ሊያስረዳ፣ የኪነት ሰውም ከስኒው አልፎ ወደ ጫካው ሊመለከት ይገባል። ጥላ መጠበቅ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ዋጋ እስካልተከፈለበት ድረስ፣ በየቤቱ የሚፈላው ቡና በዱቤ የተወሰደ ነው።