ታላቅ የሚባለው ማን ነው?

የዓለምን ታሪክ የለወጡ ታላላቅ ሰዎችን ቁጠሩ ብንባል አብዛኞቻችን የምንጀምረው ከጦረኞች ነው። እስክንድርን፣ ዩልዮስ ቄሣርን፣ ጄንጊስ ካንን፣ ናፖሊዮንን እንጠራለን። ሊቃውንቱ የሚታወሱን ከዚያ በኋላ ነው። ለመሆኑ ሰይፍ የያዘው ለምን ይቀድማል? ታላቅነትስ የሚለካው በምንድን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ እንመረምራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ለእኛ ለባሌ ወጣቶች የሩቅ አይደለም። ይህ ደጋ ብዙ ድል አድራጊዎች ተፈራርቀውበታል። በ14ኛው መቶ ዓመት ባሌ ለዐፄ ዓምደ ጽዮን ትገብር ነበር። በ1529 ግራኝ የተባለው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ የዐፄ ልብነ ድንግልን ጦር ድል ነሣ፤ ብዙም ሳይቆይ ባሌ በእጁ ወደቀች። እርሱም በ1543 ወይና ደጋ ላይ ተገደለ። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት መጣ። ከእነዚህ እያንዳንዱ ለአንዱ ወገን ጀግና፣ ለሌላው ወራሪ ነው። በሮቤም ሆነ በጎባ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ባንድ ገበያ ይሸምታል፤ በሐዘንና በሠርግ ይፈላለጋል። የእነዚህ ሰዎች ስም ሲነሣ ግን ጨዋታው ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም ወደየወገኑ ይሸሻል።

እንግዲህ ክርስቲያን ወጣት በዚህ ጊዜ ምን ይበል? በኢማሙ ዘመቻ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል፤ መነኮሳትና ምእመናን ተሠውተዋል። ይህን ቤተ ክርስቲያን አትረሳም፤ እኛም አንረሳም። ነገር ግን በሰይፍ የመጣው የእኛ ወገን በሆነ ጊዜስ? የዚያን ጊዜ ሰው የሞተበትን፣ መሬቱን የተነጠቀውን የባላገር ልቅሶ እንደ ልቅሶ እንሰማዋለን? ወረራን የምንጠላው እኛን ሲነካ ብቻ ከሆነ የጠላነው ሽንፈትን እንጂ ዓመፅን አይደለም።

ይህ ማለት ጦር የመራ ሁሉ የተነቀፈ ነው ማለት አይደለም። በ1896 ወደ አድዋ የዘመቱት አባቶቻችን የራሳቸውን አገር ለመጠበቅ ነበር የተነሡት። ሆኖም አድዋ ላይ አገር የጠበቁትና ባሌን ያስገበሩት ያው አንድ ንጉሥ ናቸው። ስለዚህ ሊመዘን የሚገባው ስሙ ሳይሆን ሥራው ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው።

ታላቅነትን ከጦረኛው ወስደን ለሳይንቲስቱ ብንሰጥስ ነገሩ ያበቃ ይሆን? አያበቃም። ፍሪትዝ ሐበር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1909 ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ የሚገኝበትን መንገድ አሳየ። ዛሬ በሮቤ ዙሪያ ገበሬው በስንዴ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከዚሁ አሞኒያ ነው። በዚህ ግኝት የሚመገበው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ያው ሰው ግን በ1915 በቤልጅግ አገር፣ ኢፕር በተባለው የጦር ግንባር፣ የክሎሪን ጋዝ በወታደሮች ላይ ሲለቀቅ ሥራውን በበላይነት መርቷል። ከሃያ ዓመት በኋላ የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። እንግዲህ ዕውቀት ብቻውን ሰውን ታላቅ አያደርገውም፤ ለማን እንደዋለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ሰው እንመልከት። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። በ1926 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ እስከ 1927 ድረስ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ። የስንዴያችን ዓይነት መብዛት አስደነቀው፤ አገራችንንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዷ ናት ብሎ መዘገባት። ምኞቱ ረኃብን ከሰው ልጅ ማራቅ ነበር። ነገር ግን በስታሊን ዘመን በ1940 ታሰረ፤ በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በዚያው ጦርነት የናዚ ሠራዊት ሌኒንግራድን ሲከብብ የቫቪሎቭ ባልደረቦች የተሰበሰበውን ዘር ይጠብቁ ነበር። በሩዝና በስንዴ ከረጢት መካከል ተቀምጠው ከእነርሱ ብዙዎቹ በረኃብ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልበሉትም።

በአገራችንም የዘር ማከማቻ ተቋም በ1976 ተመሠረተ። ዶክተር መላኩ ወረደ ለብዙ ዓመታት መርተውታል፤ ገበሬው የአባቱን ዘር በማሳው ላይ እየዘራ እንዲጠብቅም ደክመዋል። ዮሴፍ በግብፅ ለሰባቱ የረኃብ ዓመታት እህል እንዳከማቸ እናስታውስ። ፈርዖን ብዙ ሠረገላ ነበረው፤ በዚያ ዘመን አሕዛብን ያተረፈው ግን ጎተራው ነው።

ምናልባት አንድ ወንድማችን፣ "ወንጌል የተጻፈበት የግሪክ ቋንቋ በምሥራቅ የተስፋፋው በእስክንድር ዘመቻ አይደለምን? ታዲያ ከድል አድራጊም በጎ ነገር ይገኛል" ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ ይገኛል። የዮሴፍ ወንድሞችም እርሱን በመሸጣቸው ብዙ ነፍስ ተርፏል። ነገር ግን ክፉውን ወደ በጎ የለወጠ እግዚአብሔር ነው፤ ወንድሞቹ በዚህ አልጸደቁም። እነርሱም ኋላ በፊቱ ወድቀው ይቅርታ ለመኑ እንጂ "ባንሸጥህ ኖሮ" ብለው አልተመጻደቁም።

የዘብዴዎስ ልጆች እናት ልጆቿ በጌታችን ቀኝና ግራ እንዲቀመጡ በለመነች ጊዜ፣ እርሱ የአሕዛብን አለቆች አገዛዝ ጠቅሶ ለእናንተ እንዲህ አይሁን አላቸው፤ ታላቅነትንም በማገልገል ለካው። እኛም ይህን መለኪያ እንያዝ። የአንድ ሰው ስም ሲነሣ "የማን ወገን ነው?" ከማለት በፊት "በእርሱ ዘመን ደካማው ምን አገኘ? ምንስ አጣ?" ብለን እንጠይቅ። ይህን ጥያቄ ከሙስሊሙ ጎረቤታችን ጋር አብረን ልንጠይቀው እንችላለን፤ ስለ እርሱም ስለ እኛም ጀግኖች እውነቱን ተናግረን ሳንጣላ ልንለያይ እንችላለን።

በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራ ሜዳ ስንዴው ሲያሸት የምናየው ሁሉ፣ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ምርጡን ዛላ ለዘር ያስቀሩ፣ ስማቸው ያልተጻፈ እናቶችና አባቶች ድካም አለበት። ታሪክ ባይጠራቸውም የምንበላው እንጀራና ዳቦ የእነርሱ ነው። እኛም ስማችን እንዲጠራ ሳይሆን ከእኛ በኋላ የሚመጣው እንዳይራብ እንድንሠራ አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።