ዱላና ማስረጃ

ዕድሜውን በሥራው ላይ የፈጀ ፖሊስ ወደ ኋላ ሲመለከት ለውጥን በምን ይለካዋል? ፊሽካው በሬዲዮ፣ የእግር ጉዞው በመኪና መተካቱን መቁጠር ቀላል ነው። ለሕሊና የሚከብደው መለኪያ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ተጠርጣሪው እንደ ሰው ታይቷልን የሚለው ነው።

በጥንቱ የሌባ ሻይ ልማድ መድኃኒት የጠጣ ብላቴና ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። በ1934 ዓ.ም. የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ ተቋቋመ። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 31 መርማሪ እንዳያስፈራራና እንዳይደልል ከለከለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደነገገ።

ስለዚህ «በእኛ ጊዜ ሥራው እንዲህ ነበር» የሚለው ቃል መሸሸጊያ አይሆንም፤ ክልከላው ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ተጽፎ ኖሯል። በዱላ የወጣ ቃል የተገራፊውን ሕመም እንጂ የወንጀሉን እውነት አይናገርም። በዱላው የተማመነ መርማሪ ከሰከረው ብላቴና የሚለየው በደንብ ልብሱ ብቻ ነው። ሕግ በአዋጅ ይለወጣል፤ የእጅ ልማድ የሚለወጠው ግን አንጋፋው ለአዲሱ ምልምል ከጀብዱው ይልቅ ይህንን እውነት ሲያወርሰው ነው።