ከአገልግሎት የወጣ ገንዘብ ዋጋው ምንድን ነው?

ገንዘብ የተፈጠረው ከእጅ ወደ እጅ እንዲተላለፍ ነው። ገበሬው እህሉን፣ ሸማኔው ጋቢውን፣ ሸክላ ሠሪዋ እንስራዋን ሰጥተው የሚቀበሉት ነገር ነገ ተመልሶ የማይሰጥ ከሆነ ገንዘብ አይባልም። እንግዲህ ዛሬ ምንም የማይገዛውን ሳንቲምና የወረቀት ብር ከየስፍራው እየፈለገ በመሳቢያው የሚያኖር ሰው ምን ያደርጋል ማለት ይቻላል? ስስታም ነው እንዳይባል፣ የሰበሰበው ገበያ አይወጣም። የጨዋታ ነገር ነው እንዳይባል፣ ከጉርሱ ቀንሶ የሚገዛ ብዙ ነው። የታሪክ ጠባቂ ነው የሚለውም ስም ቢሆን እንዴት እንደሚጠብቅና ለማን እንደሚጠብቅ ሳይመረመር የሚሰጥ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመርመር ነው።

ጥያቄው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የአክሱም ነገሥታት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ ማለትም ከሦስተኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ አንሥቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ በተከተሉት ረጅም ዘመናት ከአፋር ቆላ ተቆርጦ በግመል ጭነት የሚወጣው አሞሌ ጨው የብዙ ገበያዎች መለወጫ ሆኖ ኖሯል። ቀጥሎም በኦስትሪያ ንግሥት በማሪያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸው ጠገራ ብር ገባ። የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ያለበት፣ 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር ፓሪስ ውስጥ ተቀርጾ መጣ። የጣሊያን ሊራና የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ በየተራቸው አልፈዋል። በ1937፣ በ1969 እና በ2013 ዓ.ም. ደግሞ አዳዲስ የወረቀት ብሮች ወጥተው የቀድሞዎቹ ተሰብስበዋል። እያንዳንዱ ለውጥ ከኋላው ከአገልግሎት የወጣ ገንዘብ ጥሎ ሄዷል። ሰብሳቢውም የሚሠራው በዚህ ቅሪት ላይ ነው።

የዚህ ቅሪት የመጀመሪያ ትምህርት ገንዘብ በአዋጅ ብቻ የማይቆም መሆኑ ነው። ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹም በሮምና በለንደን ሳይቀር የተቀረጸው ጠገራ ሁሉ ግን 1780 የሚለውን ዓመተ ምሕረት እንደያዘ ነው የወጣው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነጋዴውና ባላገሩ የሚያምኑት ያንኑ የለመዱትን መልክ ስለነበረ፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ፍሬ በዓይናቸው ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር። የምኒልክ ብር የአገሪቱን ንጉሠ ነገሥት መልክ ይዞ ቢወጣም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። አንድ ጠገራ በእጁ ይዞ ይህን የሚያስተውል ሰው ስለ እምነትና ስለ ሥልጣን ከብዙ ገጽ ያላነሰ ነገር ይማራል። ስለዚህ ማሰባሰቡ በራሱ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም።

ይሁን እንጂ ሰብሳቢዎች ለሰበሰቡት ነገር ዋጋ የሚሰጡበትን ሚዛን ስንመለከት ጉዳዩ ይወሳሰባል። በዚህ ሚዛን የወረቀት ብር ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጣው ያልታጠፈ፣ ያልነተበና የሰው እጅ ያልነካው ሲሆን ነው። ለጌጥ ሲባል የተበሳ ጠገራም ዋጋው ይወድቃል። በሌላ አነጋገር እጅግ የሚከበረው ገንዘብ የገንዘብን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ያልሠራው ነው። ገበያ ለገበያ ተንከራቶ፣ በመቀነት ተቋጥሮ፣ ላብ ጠጥቶ የኖረው ግን «የተበላሸ» ተብሎ ወደ ዳር ይገፋል። አሞሌማ ከነጭራሹ በመሳቢያው ውስጥ የለም። የስንቱን ቤት ጓዳ የሞላው ገንዘብ እርጥበት የሚያሟሟው ስለሆነ ለሰብሳቢ አይመችም።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ንጹሑ ብር የሠዓሊውንና የቀራጩን ጥበብ ሳይጎድል ያሳያል። በ1969 ዓ.ም. በወጣው የአንድ ብር ወረቀት ላይ ያለውን የልጅ መልክ፣ በአሥር ብሩም ላይ ሰፌድ የምትሰፋውን ሴት እጅ በትክክል ማጥናት የሚቻለው በንጹሕ ቅጂ ነው። ይህን አንክድም። የሥነ ጥበብ ሰው ንጹሑን ቢፈልግ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ንጹሕነት ብቸኛው ሚዛን ሲሆን ነው። ጠገራው ላይ ያለው ቀዳዳ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው፤ ያ ብር በአንዲት ሴት አንገት ላይ ጌጥም የክፉ ቀን መጠባበቂያም ሆኖ መዋሉን ይናገራልና።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን የተማረው ከራሱ ቤት ነው። አክስቴ በአንዲት የገጠር ከተማ ጠላ እየጠመቁ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ባረፉ ጊዜ ከሣጥናቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለሉ የንጉሡ ዘመን አሥር ብሮች ተገኙ። በ1969 ዓ.ም. ብሩ ሲለወጥ በጠና ታመው ነበረና፣ ተሽሏቸው ጥቅሉን ይዘው ከመንገድ ሲደርሱ የመለወጫው ጊዜ አልፎ ነበር። እሳቸው ግን አልጣሉትም፤ ለማንም አላወሩም። ከዓመታት በኋላ ብሮቹን ለአንድ አዋቂ ሰብሳቢ አሳየሁት። ወደ ብርሃን እያነሣ ተመለከተና «አራት ቦታ ታጥፈዋል፤ ጠርዛቸውም ነትቧል። እርስዎን ላለማሳዘን እንጂ የሚወሰዱ አይደሉም» አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ የሙያውን ሚዛን ነው የተናገረው። ለእኔ ግን ያ እጥፋት የአክስቴ ጣቶች ምልክት ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሚዛን ሲያርፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ የአክሱም ሳንቲም ጉዳይ ነው። በእነዚህ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ መልክ በስንዴ ዛላ ተከቦ ይታያል። በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ ወርቅ ተለብጧል። በንጉሥ ዒዛና ዘመን የጨረቃው ምልክት ተትቶ መስቀል ገብቷል። ከነሐሶቹም መካከል «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው አሉ። ሳንቲሙ የተገኘበት ማሳ፣ የተገኘበት ጥልቀትና አብሮት የተገኘው ገል ካልታወቀ ግን የሚናገረው ግማሹ ይጠፋል። ለመንገደኛ የተሸጠ ሳንቲም መልኩን እንጂ ቦታውን ይዞ አይሄድም። «እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል፤ አለዚያም አንጥረኛ ያቀልጠዋል» የሚል ሰብሳቢ አለ። ክርክሩ ጉልበት አለው፤ ሆኖም ገዢ መኖሩ ራሱ ሌላውን ጉድጓድ እንደሚያስቆፍር ይዘነጋል።

በማረሻው ጫፍ ሳንቲም ያገኘውን ገበሬ ለመውቀስ አንቸኩልም። ለእሱ የዓመቱን ማዳበሪያ ዋጋ ሊሆንለት ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በድንገት ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛል፤ ላስረከበም ሰው ተገቢው ወሮታ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ይህን ድንጋጌ በገበሬው ደጃፍ ማሳወቅ የመምህሩና የባሕል ሠራተኛው ተግባር ነው። የኅሊናው ሸክም ግን ከሻጩ ይልቅ በገዢው ላይ ይከብዳል። ሻጩ የሚሸጠው በችግር ነው፤ ገዢው የሚገዛው በደስታ ነው፤ የሚገዛውንም ነገር ምንነት ከሻጩ የበለጠ የሚያውቀው እሱ ነው።

እንግዲህ ከአገልግሎት የወጣ ገንዘብ ዋጋው ምንድን ነው? የመለወጫ ዋጋው አልፏል። የብርቅነቱ ዋጋ ገበያ ዳግመኛ የሚለጥፍበት ነው። ሦስተኛው ዋጋ የምስክርነቱ ነው፤ ይህም ከሰዎቹና ከቦታው ታሪክ ሲነጠል ይሞታል። ስለዚህ ሰብሳቢ ሁሉ ከእያንዳንዱ ሳንቲምና ወረቀት ጋር ከየት፣ ከማን፣ መቼና እንዴት እንደተገኘ ጽፎ ያኑር። ከመሬት የወጣውን ቅርስ አይግዛ፤ ያስመዝግብ። የነተበውንም ከንጹሑ ጎን ያስቀምጥ። ይህን የሚያደርግ ጠባቂ ቢባል ስሙ ይገባዋል።

የአክስቴ ብሮች አሁን በአንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው። በላዩ ላይ ሥራቸውን፣ ከተማቸውንና ያ ጊዜ እንዴት እንዳለፈባቸው ጽፌአለሁ። በየዓመቱ ስለ 1969 ዓ.ም. የገንዘብ ለውጥ ሳስተምር ፖስታውን ለተማሪዎቼ እከፍታለሁ። ብሮቹ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ጠርዛቸውም ትንሽ ትንሽ እየነተበ ነው። ይህን የሰማ ሰብሳቢ ያዝን ይሆናል። እኔ ግን ለመተላለፍ የተፈጠረ ነገር በመተላለፉ አልጸጸትም።